ኑዛዜ ለማድረግና ውርስ ለማጣራት ምን ያህል ያስወጣል? ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው አራት ደብዳቤዎች ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲና ከወልድያ የተላኩልን ናቸው። ጠያቂዎቹ የማይተዋወቁ ቢሆኑም አራቱም የሚያሳስባቸው የኑዛዜና የውርስ ወጪ በመሆኑ በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የሐይቁ ጠያቂ ጉዳይ ብዙ ነገር የተቋጠረበት ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 71 ዓመት ነው። ደሴ ሆጤ አካባቢ አንድ የመኖሪያ ቤት፣ እዚህ ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ በይዞታ ደብተር የያዝኩት የእርሻ መሬት አለኝ። ከመጀመሪያዋ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አራት ልጆች ወልጃለሁ፤ አሁን አብራኝ ካለችው ባለቤቴ ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ትልልቆቹ ልጆቼ ከእንጀራ እናታቸው ጋር ሆድና ጀርባ ናቸው። ኑዛዜ ለማጻፍ ደሴ ድረስ ሄጄ አንድ ባለሙያ ባነጋግር የጠየቀኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ጎረቤቶቼ «ምን ወጪ ውስጥ ያስገባሃል? የንስሐ አባትህና ሽማግሌዎች ባሉበት በቃልህ ብትናገር ይበቃል» ይሉኛል። በቃል ብናዘዝ ይጸናልን? ራሴ ብጽፈውስ? (የሐይቅ አንባቢ)

መልስ፦ አባታችን፣ ከጎረቤቶችዎ ምክር እንጀምር፤ ምንም የማያስከፍል የሚመስለው ይህ ምክር ለልጆችዎ ከሁሉም የሚከብድ ዕዳ ሊሆን ይችላልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ያውቀዋል፤ ሁለት ምስክሮች ባሉበት የመጨረሻ ፈቃድን መናገር ይቻላል። ይሁን እንጂ በሕጉ ቁጥር 893 መሠረት በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች ስለሚሰየም ሞግዚት ወይም አሳዳሪ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ሕጉ በወጣበት ዘመን በ500 ብር ከብት ገዝቶ መንዳት ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ በግ አይገዛበትም፤ ሆኖም በሕጉ ላይ የተጻፈው መጠን ያው ነው። በዚያ ላይ ተናዛዡ በቃሉ ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይፈርሳል። ስለዚህ የደሴውን ቤት በተመለከተ በሽማግሌዎችና በንስሐ አባትዎ ፊት የሚናገሩት ቃል፣ የቱንም ያህል የተከበሩ ሰዎች ቢሰሙት፣ በፍርድ ቤት አይቆምም። በአገራችን ልማድ የሟች ቃል የከበደ ስለሆነ ልጆች ለቃሉ ብለው ሊያከብሩት ይችላሉ፤ ነገር ግን እርስዎ እንደ ጻፉልን ልጆቹ ከእንጀራ እናታቸው ጋር ካልተስማሙ በዚህ መተማመን አይገባም።

ራስዎ ሊጽፉት ይችላሉ። በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ ኑዛዜ ምስክርም ሆነ ገንዘብ አይጠይቅም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅዎ ይጻፉት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያመልክቱበት፤ ቀን ያኑሩበት፤ በየገጹም ይፈርሙበት። ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን ልጅዎ ከጻፈችው ግን ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ (ሰነድ አረጋጋጭ) ዘንድ ካልተቀመጠ የሚፈርስ መሆኑ ነው። በሳንዱቅ ውስጥ ከጋብቻ ወረቀትና ከመሬት ደብተር ጋር ታስረው 10 እና 15 ዓመት የተቀመጡ ስንት ኑዛዜዎች በዚህ ምክንያት ብቻ ከንቱ ሆነው እንደሚቀሩ ያስቡ።

ለእርስዎ ሁኔታ የምንመርጥልዎ በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ነው። ይህን እርስዎም ሆኑ እርስዎ እየተናገሩ ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል፤ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይንዎ የደከመ ከሆነም በጣት አሻራ ማጽናት ይቻላል። ከተጻፈ በኋላ እርስዎና አራት ምስክሮች ባላችሁበት ይነበባል፤ ቀኑና ይህ ሥርዓት የተፈጸመ መሆኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ ይጻፋል፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው ሁላችሁም ትፈርማላችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል።

«ተነበበ» የምትለውን ቃል እንደ ቀላል እንዳያዩዋት አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። የአንድ ሟች ልጆች ከአርባው በኋላ ሳንዱቁን ሲከፍቱ በፌስታል የተጠቀለለ ኑዛዜ አገኙ። በራፖር (ማመልከቻ) ጸሐፊ በጥሩ ሁኔታ የተተየበ ነው፤ ቀን አለው፤ አራት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ከሥሩም የሟቹ አሻራ በሐምራዊ ቀለም ጎልቶ ይታያል። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት የተነበበ መሆኑ አልተጻፈበትም። ምስክሮቹ ቀርበው «ተነቦልናል» ቢሉም ሕጉ የሚፈልገው በጽሑፉ ላይ እንዲገለጽ ነበርና ክርክሩ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ላይ ሄደ። በመጨረሻ ኑዛዜው ፈረሰ፤ እስከዚያ ድረስ ለጠበቃ፣ ለትራንስፖርትና ለዳኝነት የወጣው ገንዘብ ሟች በኑዛዜው ለታናሽ ልጁ ካሰበለት ስጦታ የሚተናነስ አልነበረም። ጸሐፊው የዚያችን ዓረፍተ ነገር ዋጋ ለብቻው አይጠይቅም ነበር።

እንግዲህ ወጪው ይህ ነው፤ የወረቀትና የጽሕፈት ዋጋ፣ የፎቶ ኮፒ፣ በሰነድ አረጋጋጭ መሥሪያ ቤት ከተመዘገበ የአገልግሎት ክፍያ፣ የምስክሮች መጓጓዣና ከፈረሙ በኋላ የሚጠጡት ሻይ። ጠበቃ መቅጠር የሕግ ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ ባለሙያ ቢያነጋግሩ እንመክራለን፤ ገንዘቡንም ኑዛዜውን እንዲጽፍልዎ ሳይሆን የሚናዘዙበት ንብረት በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን እንዲመረምርልዎ ያውሉት። የእርስዎ ጉዳይ ዋናው ቋጠሮ ይህ ነውና።

የሆጤው ቤት የተሠራው መቼ ነው? በመጀመሪያው ጋብቻዎ ዘመን ከሆነ የጋራ ሀብት ነበር ማለት ነው፤ ባለቤትዎ ሲያርፉም የእሳቸው ግማሽ ወደ አራቱ ልጆቻቸው የሚሄድ ውርስ ሆኗል። ያ ውርስ በጊዜው ተጣርቶ ካልተከፋፈለ፣ ቤቱ ዛሬም በእርስዎ ስም ቢሆን፣ «ቤቴን» ብለው ሙሉውን ቢናዘዙ ልጆቹ የእናታችን ድርሻ ተነካ ብለው መነሣታቸው አይቀርም። በደብዳቤዎ እንደ ጠብ የገለጹት ነገር ከፊሉ ምናልባት ይኸው ይሆናል። ኑዛዜውን ከመጻፍዎ በፊት ከአራቱ ጋር በሽማግሌ ፊት ተቀምጠው የእናታቸውን ድርሻ በጽሑፍ ቢለዩላቸው ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ወጪ አብዛኛውን ዛሬ ያስቀሩታል።

አሁን ስላሉት ባለቤትዎም አንድ ነገር ይወቁ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት ግማሽ የእሳቸው ነው፤ ያ ውርስ አይባልም፤ ራሱ ንብረታቸው ነው። ከእርስዎ ድርሻ ግን ያለ ኑዛዜ የሚደርሳቸው የለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሟች ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በእኩል የሚወርሱ ሲሆን የትዳር ጓደኛ ወራሽ ተብሎ አልተቆጠረም። ስለዚህ እሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በቤቱ እንዲኖሩ ወይም አንድ ነገር እንዲያገኙ ከፈለጉ መጻፍ ይኖርብዎታል። ከልጆችዎ አንዱን ከውርስ መንቀል ከፈለጉም ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ምክንያት ያልተጻፈበት ንቀላ አይጸናም። እኔ ግን ይህን መንገድ አልመክርም፤ የተነቀለ ልጅ የመጀመሪያው ከሳሽ ነው።

የእርሻ መሬቱ በሌላ ሕግ ይመራል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ እርስዎ የሚያስተላልፉት የመጠቀም መብትዎን ነው፤ ይህም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ላይ በተቀመጡት ገደቦች ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆችና ለትዳር ጓደኛም ጥበቃ አለው። ቤቱንና መሬቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልለው አይናዘዙ፤ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ያነጋግሩ።

ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከጠበቃ ጋር የሚዋዋሉ ከሆነም ለምክር ብቻ፣ ለመጻፍና ለመሟገት የሚጠየቀውን ዋጋ ለየብቻ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ በአንድ ላይ የተጠራ ዋጋ ሁልጊዜ ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ ወንድማችን ኮምቦልቻ በፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ሳይናዘዝ ዐረፈ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ ወላጆቻችንም በሕይወት የሉም። የቀረነው ሦስት ወንድምና እኅትማማች ነን፤ አንዷ ጅዳ ናት። ታላቅ ወንድማችን ለቀብሩና ለተዝካሩ 180,000 ብር አውጥቻለሁና ቤቱ ተሽጦ ከሁሉም በፊት የእኔ ይከፈለኝ ይላል። «የውርስ አጣሪም እኔ እሆናለሁ፤ የድካሜንም ታስቡልኛላችሁ» ብሏል። መብቱ ነውን? የማጣራቱስ ወጪ ስንት ይደርሳል? (የኮምቦልቻ አንባቢ)

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሕጉ የውርስ ዕዳ የሚከፈልበትን ተራ በቁጥር 1014 አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራትና የማስተዳደር ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳዎች፣ ከዚያም ቀለብ ለሚገባቸው ሰዎች የሚከፈለው ይመጣል፤ በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች የመጨረሻውን ቦታ ይይዛሉ። በዚህ ረገድ ወንድማችሁ ቀብሩን ከሁሉ ማስቀደሙ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚቀድመው የቀብር ወጪ ለሟች ማዕረግና አኗኗር የሚገባው ያህል ብቻ ሲሆን የመታሰቢያ ወጪ፣ ማለት ተዝካሩ፣ በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ የ180,000 ብሩ ሒሳብ በሁለት ወገን መለየት አለበት። ሣጥኑ፣ መቃብሩ፣ የዕለቱ መጓጓዣና የመሳሰሉት በአንድ ወገን ይጻፉ፤ ለአርባው የታረደው ፍሪዳ፣ የጠላው እህልና ቅመማ ቅመሙ በሌላ ወገን ይጻፉ። ድንኳኑንና ሰሐኑን ቅሬው (ዕድሩ) አቅርቦ ከሆነ፣ ወይም ቅሬው ለቤተሰቡ ገንዘብ ሰጥቶ ከሆነ፣ ያ ከወንድማችሁ ኪስ አልወጣምና ይቀነሳል። የተዝካሩን ወጪ ሦስታችሁም ወዳችሁ ብትካፈሉት የሚከለክላችሁ የለም፤ ማስገደድ ግን አይችልም። በበኩሌ የምመክራችሁ በዚህ ላይ ክስ እንዳትከፍቱ ነው፤ ወንድሙን በክብር የሸኘ ሰው ደረሰኝ ሲጠየቅ ያዝናል፤ ይህ ሐዘን ደግሞ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ይከተላችኋል።

ስለ አጣሪነቱ፣ ኑዛዜ በሌለበት ጊዜ ሕጉ ሦስታችሁንም ያለ ምንም ሥርዓት አጣሪ አድርጓችኋል፤ አንዱ ራሱን ሊሾም አይችልም። በስምምነት እሱን ብትወክሉት ግን መልካም ነው። አጣሪ የሠራው ሥራ ክፍያ የሚገባው ሆኖ ሲገኝ የድካም ዋጋ ሊያገኝ ይችላል፤ መጠኑን ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ብትወስኑ ኋላ በፍርድ ቤት ከመወሰን ይሻላል። ፍርድ ቤት ከውጭ አጣሪ የሚሾምላችሁ ስትጣሉ ነው፤ ያኔ የሚከፈለው ከውርሱ ላይ ነው።

የወጪውን መንገድ በአጭሩ እነሆ። የሞት ምስክር ወረቀት ታወጣላችሁ፤ ከዚያ ሟች ይኖርበት ለነበረው ቦታ ፍርድ ቤት ለወራሽነት ማረጋገጫ ታመለክታላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ ምስክር ይሰማል፤ እንደ ሁኔታው ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግ ያዝዛል። የጋዜጣው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከማመልከቻው ይበልጥ ያስወጣል። በማንም ላይ ክስ ስላልቀረበ ማረጋገጫ መጠየቅ ራሱ ከባድ ወጪ የለውም፤ ክርክር ተነሥቶ ቤቱ ይገባኛል የሚል ክስ ሲመጣ ግን የዳኝነት ክፍያው በንብረቱ ግምት ይሰላልና ነገሩ ይለወጣል። መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ (ያለ ዳኝነት ክፍያ) እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ጅዳ ያለችው እኅታችሁ በዚያው በቆንስላው ውክልና ትስጥ፤ ውክልናውም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ውክልናው «ለማጣራት፣ ለመካፈል፣ ለመሸጥና ስም ለማዛወር» ብሎ በዝርዝር ካልተጻፈ ማዘጋጃ ቤት ወይም ባንክ ሊመልሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ እኅታችሁ ከሥራዋ ቀርታ እንደገና መሰለፍ፣ እንደገና መክፈል ይኖርባታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ራሱን የቻለ የውርስ ግብር የለም፤ የቤቱን ስም ለማዛወር የሚጠየቀውን ክፍያ ግን ከከተማው ማዘጋጃ ቤት በዝርዝር ጠይቁ፤ ያልተከፈለ የቦታ ኪራይ ወይም ግብር ካለም የሚነሣው ያኔ ነው።

ቤቱን በተመለከተ ከሦስት መክፈል ካልተቻለና አንዳችሁ የሌሎቹን ድርሻ ከፍላችሁ ማስቀረት ካልቻላችሁ መጨረሻው ሐራጅ ነው። በሐራጅ የሚገኘው ዋጋ በፈቃድ ከሚሸጡት ማነሱ የተለመደ ነው፤ እኔ ከማጣራት ወጪዎች ሁሉ ትልቁ የምለው ይህን፣ በደረሰኝ የማይታየውን ልዩነት ነው። ሟች ዕዳ ካለበት ከውርሱ ሀብት እንጂ ከእናንተ ኪስ አይከፈልም። የጡረታ አበልም ውርስ አይደለም፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለወላጅ በራሱ ሕግ የሚሰጥ ስለሆነ በእናንተ ሁኔታ ከሒሳቡ አታስገቡት። የውርሱ ንብረት በአንዳችሁ እጅ ከገባ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቆዩ፤ የወራሽነት ክስ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው በማለፉ) ይቀራል።

ጥያቄ፦ አባታችን ከማለፉ በፊት ሱቁን በሙሉ ለታናሽ ወንድማችን እንደ ወሲያ (በሸሪዓ የሚደረግ ኑዛዜ) ሰጥቶታል ይባላል። እኛ እኅቶች ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ወይስ ወደ መደበኛው? የትኛው ወጪው ይቀንሳል? (የባቲ አንባቢ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በወጪ ብቻ አትምረጡ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ጉዳይ የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲፈቅዱ ነው፤ አንዳችሁ ካልፈቀዳችሁ ጉዳዩ የመደበኛው ነው። አንዴ በግልጽ ፈቅዳችሁ ከተዳኛችሁ በኋላ ፍርዱ አልጣመንም ብሎ ወደ ሌላው መዞር አይቻልም። በሸሪዓው ከቀብርና ከዕዳ በኋላ ወሲያ ከቀሪው ሀብት ከሲሶ አያልፍም፤ ለወራሽ የሚደረግ ወሲያም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም፤ ስለዚህ «ሱቁን በሙሉ ለወንድማችን» የሚለው ነገር በሸሪዓውም በቀላሉ አይቆምም። የቀረው ሲካፈል የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ ነው። በመደበኛው ፍርድ ቤት ልጆች ሁሉ እኩል ሲሆኑ የወንድማችሁ ጥያቄ የሚወድቀው ወይም የሚነሣው አባታችሁ በጽሑፍ፣ ከላይ ለሐይቁ ጠያቂ በገለጽነው ሥርዓት የተናዘዙ መሆን አለመሆናቸው ላይ ነው። የቃል ብቻ ከሆነ ሱቅ አያስተላልፍም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ወጪ ለመቆጠብ ብለን በአንድ ወረቀት ላይ ሁለታችንም ተናዘን ፈርመናል፤ አራት ምስክሮችም አሉበት። ማስመዝገብ ያስፈልገናልን? (የወልድያ አንባቢ)

መልስ፦ አታስመዝግቡት፤ ሕጉ በቁጥር 858 ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ፈራሽ አድርጎታል፤ ባልና ሚስት በመሆናችሁም ልዩነት የለውም። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ሐሳቡን መለወጥ መቻል ስላለበት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ እነዚያኑ አራት ምስክሮች አንድ ከሰዓት በኋላ ጥሯቸው፤ መጀመሪያ የአንዳችሁ ለብቻው ይነበብና ይፈረም፤ ከዚያ የሌላችሁ በሌላ ወረቀት ይነበብና ይፈረም፤ አሮጌውን ወረቀት ደግሞ በፊታቸው ቅደዱት።